ከጎንደር ስትበሩ፦ ርቀቱንና ሰዓቱን ከቤት በር እስከ መድረሻ ለማስላት ዝርዝር መመሪያ

«ከጎንደር አዲስ አበባ በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ነው።» ይህን የማይል የለም። ውሸትም አይደለም። ችግሩ ሰው በዚህች አንድ ሰዓት ተማምኖ ቀጠሮ መያዙ ነው። ከሰዓት በኋላ ኤምባሲ የሚፈለግ ሰው ረፋድ ላይ የሚነሳ በረራ ይቆርጣል፣ ከዚያ አዘዞ ኬላ ላይ ላብ ያጠምቀዋል። ሌላው ኢንተርኔት ላይ «ጎንደር – ቴል አቪቭ 3 ሰዓት ከሩብ» የሚል ያነብና ዘመዶቹን «ለምሳ እደርሳለሁ» ይላቸዋል። ሦስተኛው ሰዓቱን በትክክል ቆጥሮ ቀኑን ይስታል። ቦሌ ሲደርስ አውሮፕላኑ ትናንት ሌሊት ሄዷል።

መመሪያው ስምንት ደረጃ አለው። ቸኩላችሁም ቢሆን 3ኛውንና 5ኛውን አትዝለሉ። ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚያ ነው።

ከመጀመራችሁ በፊት አዘጋጁ

- ወረቀትና እስክርቢቶ። በጭንቅላት የተሰላ ሰዓት ይጠፋል።
- ካርታ ያለው ስልክ። ካልኩሌተሩም እዚያው አለ።
- ትኬቱ፣ ገና ካልቆረጣችሁ ደግሞ የበረራ አማራጮቹ።
- የእኛም የፈረንጅም ቀን ያለበት ካላንደር። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ይበቃል።

ደረጃ 1፦ የምትለኩት ጎንደርን መሆኑን አረጋግጡ

ይህ ቀልድ ይመስላል፤ አይደለም። የጎንደር አፄ ቴዎድሮስ አውሮፕላን ማረፊያ ዓለም አቀፍ መለያው «ጂ–ዲ–ኪው» ነው። በሶማሌ ክልል ያለችው የጎዴ መለያ ደግሞ «ጂ–ዲ–ኢ» ነው። ልዩነቱ አንድ ፊደል ብቻ ነው፤ በመሬት ግን አገሪቱን ከሰሜን ምዕራብ እስከ ደቡብ ምሥራቅ ያቋርጣል። ትኬት ስትገዙ፣ በተለይ በሌላ ሰው ስልክ ሲገዛላችሁ፣ የመጨረሻዋን ፊደል በጣታችሁ እየነካችሁ አንብቡ።

ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች ላይ ሌላ ወጥመድ አለ። ፖርቱጋል ውስጥም ጎንደር ተብለው የሚጻፉ ትንንሽ ቦታዎች አሉ። ለአገር ውስጥ ጉዞ ውጤቱ በብዙ ሺህ ኪሎ ሜትር ከመጣ ድረ ገጹ እናንተን አውሮፓ አስቀምጧችኋል ማለት ነው። ከከተማው ስም ጎን «ኢትዮጵያ» የሚለውን ምረጡ።

ከተማውንና ማረፊያውንም አንድ አታድርጉ። አውሮፕላን ማረፊያው ከከተማው በስተደቡብ፣ ከአዘዞ ወዲያ፣ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ነው። ይህን ቁጥር ወረቀቱ ላይ ጻፉት፣ ደረጃ 6 ላይ ያስፈልጋል።

ደረጃ 2፦ የአየር ርቀቱን ለኩ

ቀላሉ መንገድ ጉግል ማፕ ነው። ስልክ ላይ አፄ ቴዎድሮስ ማረፊያውን ጣታችሁን ሳታነሱ ተጫኑት። ቀይ ምልክት ሲወጣ ርቀት መለኪያውን ምረጡ፣ ከዚያ ካርታውን እየጎተታችሁ ቦሌ ድረስ ሂዱ። 420 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሰጣችኋል።

ኔትወርክ ከሌለ በእጅ ይሠራል። የሁለቱን ማረፊያዎች ኬክሮስና ኬንትሮስ ጻፉ።

- ጎንደር፦ 12.52 ሰሜን፣ 37.43 ምሥራቅ
- ቦሌ፦ 8.98 ሰሜን፣ 38.80 ምሥራቅ

አንድ፦ የኬክሮሱን ልዩነት በ111 አባዙ። 3.54 × 111 = 393።
ሁለት፦ የኬንትሮሱን ልዩነት በ109 አባዙ። 1.37 × 109 = 149። ከምድር ወገብ ስንርቅ የኬንትሮስ መስመሮች ስለሚቀራረቡ ነው 111 ያልሆነው። 109 የሚሠራው በእኛ አገር አካባቢ ለሚደረግ ጉዞ ነው፣ ለአውሮፓ አትጠቀሙበት።
ሦስት፦ ሁለቱንም በራሳቸው አባዙ፣ ደምሩ፣ ካሬ ሩት አውጡ። 420 ኪሎ ሜትር ይመጣል። የስምንተኛ ክፍል ሒሳብ ነው፣ ልጆቹ ያግዟችሁ።

ማስጠንቀቂያ፦ ከቁጥሩ ጎን ያለውን መለኪያ አንብቡ። 261 ካያችሁ ማይል ነው። 227 ካያችሁ የባሕርና የአየር ሰዎች የሚጠቀሙበት ኖቲካል ማይል ነው። ሦስቱም ያው ርቀት ነው።

የመኪናው መንገድ ከዚህ ጋር ምንም አይገናኝም። በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር የሚሄደው አስፋልት ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ጣናን መዞር አለ፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ መውጣት አለ። ስለዚህ የመኪና ኪሎ ሜትር ይዛችሁ የበረራ ሰዓት አታስሉ።

ደረጃ 3፦ ቀጥታ በረራ መኖሩን አረጋግጡ

ርቀት የሚያሰሉ ድረ ገጾች አንድ የማይናገሩት ነገር አለ። በሁለት ከተሞች መካከል መስመር ያሰምሩና በአውሮፕላን ፍጥነት ያካፍላሉ። በዚያ መስመር ላይ የሚበር አውሮፕላን ይኑር አይኑር አያውቁም። የሚሰጧችሁ የበረራ ሰዓት የሐሳብ በረራ ሰዓት ነው።

ቴል አቪቭን እንውሰድ። ጎንደር ውስጥ እስራኤል ዘመድ ያለው ሰው ብዙ ስለሆነ ይህን መስመር የሚፈልገውም ብዙ ነው። ከጎንደር ቴል አቪቭ በቀጥታ ቢሰመር 2,180 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ግን ከጎንደር ወደ ውጭ በቀጥታ የሚነሳ መደበኛ በረራ የለም። መጀመሪያ 420 ኪሎ ሜትር ወደ ደቡብ፣ ወደ ቦሌ ትወርዳላችሁ። ከዚያ 2,585 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን ትመለሳላችሁ። ድምሩ 3,000 ኪሎ ሜትር ነው። በመካከሉ ያለው ጥበቃ ደግሞ ኪሎ ሜትር ውስጥ አይገባም።

ላሊበላ የባሰ ነው። በአየር ከጎንደር 180 ኪሎ ሜትር ገደማ ናት። በጉዞአችሁ ቀን ቀጥታ በረራ ከሌለ በአዲስ አበባ ዞራችሁ ትሄዳላችሁ፣ 420 ሲደመር 332። 180 የነበረው 750 ሆነ።

እንዲህ አድርጉ፦

1. የአየር መንገዱን ድረ ገጽ ወይም መተግበሪያ ክፈቱ። መነሻ፣ መድረሻና ትክክለኛ ቀን አስገቡ።
2. ውጤቱ ላይ «ቀጥታ» ወይም «1 ማረፊያ» የሚለውን እዩ።
3. የሌላ ቀን አትመኑ። የአገር ውስጥ በረራ ፕሮግራም እንደ ወቅቱ ይቀያየራል። ለማክሰኞ የነበረ ለረቡዕ ላይኖር ይችላል።
4. ማረፊያ ካለ ከተማውን ጻፉ። እያንዳንዱን ክፍል ለየብቻ አስሉ።

አውሮፕላኑ መንገድ ላይ ሰው ለማውረድ አርፎ የሚቀጥልባቸው በረራዎችም ያጋጥማሉ። መጀመሪያ ያረፈበት ከተማ ላይ ሰው ሁሉ ሲነሳ አብራችሁ አትነሱ። አስተናጋጇን «ይህ ጎንደር ነው?» ብሎ መጠየቅ ነውር የለውም። ሻንጣ ይዞ ሌላ ከተማ ላይ መቅረት ነው የሚያሳፍረው።

ደረጃ 4፦ ርቀቱን ወደ በረራ ሰዓት ቀይሩ

ቀመሩ ይህ ነው፦ *ርቀት ÷ ፍጥነት፣ በዚያ ላይ 30 ደቂቃ።*

ፍጥነቱን በአውሮፕላኑ ዓይነት ምረጡ። ባለ ፕሮፔለሩ ዳሽ 8 ኪው400 ከሆነ በሰዓት 600 ኪሎ ሜትር ያዙ። ቦይንግ 737ን የመሰለ ጄት ከሆነ 800። ሠላሳዋ ደቂቃ አውሮፕላኑ መሬት ላይ የሚሄድበት፣ የሚወጣበትና ለማረፍ የሚዞርበት ነው።

ጎንደር – አዲስ አበባ በኪው400፦ 420 ÷ 600 = 0.7። ይህ 42 ደቂቃ ነው። 30 ስትጨምሩ 1 ሰዓት ከ12 ደቂቃ።
በጄት፦ 32 ደቂቃ ሲደመር 30፣ 1 ሰዓት ገደማ።

ተጠንቀቁ፤ 0.7 ሰዓት ማለት 70 ደቂቃ አይደለም። በ60 አባዙት።

ልዩነቱን አያችሁ? አሥር ደቂቃ ነው። በአጭር መንገድ ላይ ጄት ፍለጋ ቀን መቀየር ዋጋ የለውም።

ከዚያ ከትኬቱ ጋር አስተያዩ። ትኬቱ ከስሌታችሁ 10 ወይም 15 ደቂቃ ቢለይ ደህና ነው። በ40 ደቂቃና ከዚያ በላይ ከበለጠ መሐል ላይ የሚያርፍበት ከተማ አለ፤ ወደ ደረጃ 3 ተመለሱ።

ደረጃ 5፦ የትኬቱን ሰዓትና ቀን ወደ እኛ መልሱ

ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው፣ ከ00 እስከ 23 የሚቆጠር። ስድስት መቀነስ ነው እያልን እንገላገላለን፣ ግን ሦስት ሁኔታ አለው፦

- ከ07 እስከ 18 ከሆነ 6 ቀንሱ። 13:20 የኛ ከቀኑ 7:20 ነው።
- ከ19 እስከ 23 ከሆነ 18 ቀንሱ። 21:45 ከምሽቱ 3:45 ነው።
- ከ00 እስከ 06 ከሆነ 6 ጨምሩ። 00:30 ከሌሊቱ 6:30 ነው። 06:10 ደግሞ ከጠዋቱ 12:10።

ዋናው አደጋ ሦስተኛው ላይ ነው፤ እዚያ የሚሳተው ቀኑ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር ቀኑ የሚቀየረው በእኛ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው። እኛ ግን ቀን የምንለው ሲነጋ ነው። ትኬቱ «ማክሰኞ 01:30» ካለ በረራው ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ፣ ከሌሊቱ 7:30 ነው። ሰኞ ማታ ራት በልታችሁ ትነሳላችሁ። «ማክሰኞ ሌሊት 7:30» ብላችሁ ለቤተሰብ ከነገራችሁ ማክሰኞ ማታ ይሸኟችኋል፣ ማለትም አንድ ሙሉ ቀን ዘግይታችሁ።

መድኃኒቱ ይኸው፦ ትኬቱ ከ00 እስከ 06 ባለው ሰዓት የሚነሳ ከሆነ፣ ወረቀታችሁ ላይ ሁለቱንም ቀን ጻፉ። «ሰኞ ለማክሰኞ አጥቢያ» ብላችሁ። ለሹፌሩም፣ ለሸኚውም፣ ለራሳችሁም በዚሁ ቃል ንገሩ። ስልክ ላይ የቀጠሮ ደወል ሰኞ ከሰዓት በኋላ ላይ ሙሉ።

የወሩ ቀንም የራሱ ጣጣ አለው። ጃንዋሪን «ጥር» ማለት ለምደናል። ጃንዋሪ 11 እና ጥር 11 ግን በ8 ቀን ይለያያሉ። ጥምቀት በአብዛኛው ጃንዋሪ 19 ላይ ይውላል። ጳጉሜን 6 የሆነችበት ዓመት ሲያልፍ፣ በሚቀጥለው ዓመት ጥምቀት ጃንዋሪ 20 ይሆናል። ለምሳሌ በ2020 ዓ.ም. እንደዚያ ነው። ለጥምቀት የሚመጣ እንግዳ ካላችሁ ቀኑን በፈረንጅ ቁጥር ጽፋችሁ ላኩለት፤ «ለከተራ ድረስ» ብቻ ብላችሁ አትተዉት። በዚያ ሰሞን የጎንደር በረራ ቀድሞ ስለሚሞላ በተሳሳተ ቀን የተገዛን ትኬት ማስቀየር ከባድ ነው።

ደረጃ 6፦ ከመድረሻው ወደ ኋላ ቁጠሩ

ብዙ ሰው ከመነሻው ወደ ፊት ይቆጥራል። «2 ሰዓት እነሳለሁ፣ 3 ሰዓት ላይ አዲስ አበባ ነኝ» ይላል። እንዲህ አይሠራም። ከቀጠሮው ጀምሩና ወደ ኋላ ሂዱ።

ቀጠሮው አዲስ አበባ ከቀኑ 8:00 ሰዓት ነው እንበል።

1. በር ላይ ለመገኘት 30 ደቂቃ ቀንሱ። 7:30።
2. ከቦሌ ወደ ከተማ ለታክሲ 1 ሰዓት። 6:30። ዝናብ ከሆነ ወይም መንገድ የሚዘጋለት እንግዳ ካለ ይህም ያንሳል።
3. ከአውሮፕላን ወርዶ ሻንጣ ተቀብሎ ለመውጣት 30 ደቂቃ። 6:00።
4. በረራው 1:10። 4:50።
5. የመዘግየት መጠባበቂያ 2 ሰዓት። 2:50። ስለዚህ ከ2:50 በኋላ የሚነሳ በረራ አይሆናችሁም።
6. ማረፊያው ላይ 2 ሰዓት ቀድሞ መገኘት። ከጠዋቱ 12:50።
7. ከጎንደር ፒያሳ እስከ ማረፊያው 45 ደቂቃ፣ ለፍተሻ 15 ደቂቃ። ንጋት 11:50።

ለ8 ሰዓት ቀጠሮ ከቤት የምትወጡት ንጋት 12 ሰዓት ሳይሞላ ነው። የአንድ ሰዓቱ በረራ ከስምንት ሰዓት በላይ ወሰደ። በዚያ ላይ ያን የመሰለ የማለዳ በረራ በዚያ ቀን ላይኖር ይችላል። ለቪዛ፣ ለፍርድ ቤት፣ ለሐኪም ቀጠሮ እኔ የምለው አንድ ነው፦ ከቀኑ በፊት ባለው ቀን ሂዱና እደሩ። ዘመድ ቤት ማደር ከቀጠሮ መቅረት ይሻላል፣ አክስት ቢነጫነጩም።

በ7ኛው ቁጥር ላይ ጥቂት ልቆይ። 18 ኪሎ ሜትር ትንሽ ነው፤ ግን አዘዞ ላይ ጋሪው፣ ባጃጁና የጭነት መኪናው ይገናኛሉ። ኬላ ላይ ሰው ሁሉ ወርዶ ሊፈተሽ ይችላል። የማረፊያው መግቢያ ላይም እንደገና ፍተሻ አለ። ስለዚህ፦

- ሹፌሩን ከዋዜማው ተነጋገሩ። ንጋት ላይ መንገድ ወጥቶ ባጃጅ መጠበቅ አይታመንም።
- የሰዓት ገደብ ካለ ባጃጅ ከስንት ሰዓት ጀምሮ እንደሚንቀሳቀስ ጠይቁ። ገደቡ ከመነሻችሁ በኋላ የሚከፈት ከሆነ አዘዞ ማደር ነው።
- መታወቂያና ትኬት በእጅ ይሁን፣ ሻንጣ ውስጥ አይግባ።
- በርበሬ፣ ሽሮ፣ ቅቤ የያዘ ሻንጣ ሊከፈት ይችላል። ለመክፈትና ለመዝጋት በሚመች መንገድ እሰሩት።

በመኪና ይሻል እንደሆነም በዚሁ ስሌት ታውቃላችሁ። ባሕር ዳር በአየር 100 ኪሎ ሜትር ብቻ ናት። በረራ ቢኖር እንኳ 40 ደቂቃ ይፈጃል። የማረፊያው ጥበቃና መንገዱ ሲደመር ግን ከ3 ሰዓት ያልፋል። በመኪና መንገዱ ሰላም ከሆነ 180 ኪሎ ሜትሩ ከ3 ሰዓት ብዙም አይበልጥም። ለባሕር ዳር መኪና፣ ለአዲስ አበባ አውሮፕላን።

ደረጃ 7፦ ቦሌ ላይ በረራ ለምትቀይሩ

መጀመሪያ ይህን መልሱ፦ ትኬቱ አንድ ነው ወይስ ሁለት?

*አንድ ትኬት ከሆነ* ማለትም ከጎንደር እስከ መጨረሻው አገር አብሮ የተቆረጠ ከሆነ፣ የመጀመሪያው በረራ ቢዘገይ ቀጣዩን የማስተካከል ኃላፊነት የአየር መንገዱ ነው። ቦሌ ላይ 3 ሰዓት ያህል ክፍተት ይበቃል። ጎንደር ላይ ሻንጣ ስታስረክቡ የተለጠፈውን ሦስት ፊደል አንብቡ። «ኤ–ዲ–ዲ» ከሆነ ሻንጣው ቦሌ ድረስ ብቻ ነው፣ እዚያ ትቀበሉታላችሁ። የመጨረሻው ከተማ መለያ ከሆነ በቀጥታ ይሄዳል። ወረቀቱን ቀድዶ የሚሰጣችሁን ቁራጭ አትጣሉ።

*ሁለት ትኬት ከሆነ* ማለትም ጎንደር – አዲስ አበባውን እናንተ፣ የውጩን ሌላ ሰው ከቆረጠው፣ ሁለቱ አይተዋወቁም። የጎንደሩ ቢቀር የውጩ አይጠብቃችሁም፣ ገንዘቡም የእናንተ ኪሳራ ነው። ሻንጣ ተቀብላችሁ፣ ከአገር ውስጥ ተርሚናል ወጥታችሁ፣ ወደ ዓለም አቀፉ ትገባላችሁ። እንደገና ፍተሻ፣ ቼክ ኢን፣ ኢሚግሬሽን። ክፍተቱ ከ6 ሰዓት አይነስ። ውድ ትኬት ወይም የሚያልቅ ቪዛ ከሆነ በዋዜማው ግቡ።

ሁለቱንም የሚመለከት አንድ ሕግ፦ ከጎንደር የዕለቱን የመጨረሻ በረራ አትያዙ። ወደ አውሮፓና አሜሪካ ከሚሄዱት በረራዎች ብዙዎቹ ከቦሌ የሚነሱት ምሽትና ሌሊት ነው። ስለዚህ የከሰዓቱ በረራ ልክ የሚገጥም ይመስላል። ያ በረራ ከተሰረዘ ግን ከኋላው የሚመጣ የለም። የጠዋቱን ወይም የረፋዱን ያዙና ቦሌ አካባቢ ቡና ጠጡ። በክረምት ይህ ሕግ ይበረታል። ከሰዓት በኋላ ደመናና ነጎድጓድ ይበዛል፣ በረራም ይዘገያል።

ከውጭ ወደ ጎንደር ለሚመጡም ስሌቱ ያው ነው። ኢሚግሬሽን የሚያልፉት ቦሌ ላይ ስለሆነ ሰልፉን አስቡ። ሻንጣው ቦሌ ይወጣ ወይም ጎንደር ድረስ ይሂድ፣ ከተነሡበት አገር ቼክ ኢን ላይ ይጠይቁ። የሚቀበላቸው ሰው ደግሞ የቦሌውን መድረሻ ሰዓት ይዞ አዘዞ አይውጣ። የሁለተኛውን ትኬት ሰዓት ይጠይቅ።

ደረጃ 8፦ ከትኬቱ ላይ እውነተኛውን የበረራ ርዝመት አውጡ

ትኬት ላይ የመነሻው ሰዓት በመነሻው አገር፣ የመድረሻው በመድረሻው አገር ሰዓት ነው። ስለዚህ ሁለቱን መቀነስ ብቻውን ያሳስታል።

ዱባይ ከእኛ በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ከቦሌ 10:00 ተነስቶ 15:00 የሚደርስ በረራ በወረቀት 5 ሰዓት ይመስላል፤ እውነቱ 4 ነው። ሲመለስ ደግሞ 3 ይመስላል፣ እሱም 4 ነው።

ሕጉ፦ መድረሻው ከእኛ የሚቀድም ከሆነ ልዩነቱን ቀንሱ፣ ከእኛ ወደ ኋላ ከሆነ ጨምሩ።

ዋሽንግተን በበጋቸው ከእኛ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ወደ ኋላ ናት። 22:30 ተነስቶ በማግስቱ 08:00 የሚደርስ ትኬት እንውሰድ። በወረቀት 9:30 ነው። በበጋቸው 7 ጨምሩ፣ 16:30 ይሆናል። ርቀቱ 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በደረጃ 4 ቀመር ብታሰሉት ከ15 ሰዓት በታች ይመጣል። ትርፉ መንገድ ላይ ለነዳጅ ከመቆም ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ላይ ስለሆነ አየሩ ስስ ነው፣ አውሮፕላኑም ሙሉ ነዳጅና ሙሉ ሰው ይዞ ለመነሳት ይቸገራል። በመልሱ ይህ ችግር የለም፣ ነፋሱም ከኋላ ይገፋል፤ ለዚህ ነው መልሱ የሚያጥረው።

ከመድረሻው ከተማ ስም ወይም ሰዓት ጎን «+1» ካያችሁ በማግስቱ ነው የምትደርሱት። ተቀባያችሁን በዚያው ቀን አታስወጡት። እኛ ሰዓት አንቀያይርም፤ አሜሪካ፣ አውሮፓና እስራኤል ግን በዓመት ሁለት ጊዜ ይቀያይራሉ፣ ቀናቸውም አንድ አይደለም። ጉዞው ማርች፣ ኦክቶበር ወይም ኖቬምበር ላይ ከሆነ ልዩነቱን እንደገና አረጋግጡ።

አንዱ ደረጃ ሲበላሽ

*ወደ አዘዞ የሚወስደው መንገድ ተዘጋ።* ቤት ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ። በረራው ሳይነሳ ለአየር መንገዱ ደውላችሁ ቀን አስቀይሩ። ከተነሳ በኋላ «አልቀረበም» ተብሎ ይመዘገባል፣ ቅጣቱም ይከብዳል።

*በረራው ተሰረዘ።* ሰልፉ ላይ አንድ ሰው ይቁም፣ ሌላው በስልክ ይሞክር። ቀጣይ የውጭ በረራ እንዳላችሁ መጀመሪያ ተናገሩ፣ ትኬቱንም አሳዩ። በ2015 ዓ.ም. ክረምት እንደሆነው በረራው ለቀናት ሊቋረጥም ይችላል። የሚያልቅ ቪዛ ያለው ሰው ስለዚህ ጥቂት ቀን ትርፍ ይያዝ።

*ዘግይታችሁ ደረሳችሁ።* ቼክ ኢኑ ከመነሻው በፊት ቀድሞ ይዘጋል፤ አውሮፕላኑ ገና ቆሞ ብታዩትም። ከጥበቃው ጋር አትከራከሩ። በዕለቱ ሌላ በረራ ካለ ባዶ ወንበር መኖሩን ትኬት ቢሮው ላይ ጠይቁ።

*ቦሌ ደርሳችሁ ሻንጣው አልመጣም።* ከአዳራሹ ሳትወጡ የሻንጣ ጉዳይ የሚያየው ቢሮ ሄዳችሁ አስመዝግቡ። ያቺ የተቆረጠች ወረቀት የምትፈለገው እዚህ ነው። የምታርፉበትን ቤት ስልክ ስጧቸው፣ የጎንደሩን ብቻ አይደለም።

*ስም ተሳስቶ ተጽፏል።* ትኬቱና መታወቂያው ወይም ፓስፖርቱ በአንድ ፊደል ቢለያዩም ከጉዞው ቀን በፊት አስተካክሉ። የጉዞው ዕለት ማለዳ ይህን የሚያደርግላችሁ ሰው አታገኙም።

*ትኬቱ ለጎዴ ተቆርጧል።* በተቆረጠበት ቀን ከደረሳችሁበት ለቆረጠላችሁ ቢሮ ወዲያው ደውሉ፣ ቶሎ ሲሆን ማሰረዙ ይቀላል። ካደረ ግን እንደ ቀን መቀየር አይታይም፣ መንገድ መቀየር ነውና የዋጋ ልዩነት ለመክፈል ተዘጋጁ።